«እንዝርቱ ከእጄ ይሾልካል»፦ አምስት ነርሶች ተባብረን የካንሰር ታካሚዎችን ስቃይ ስናጠና

ደብረ ብርሃን ውስጥ በነርስነት መሥራት ከጀመርኩ አሥር ዓመት አለፈኝ። ይህን የምጽፈው ለሙያ ጓደኞቼ ነው። በተለይ ማስተርሳችሁን እየተማራችሁ ወይም ጨርሳችሁ፣ የካንሰር ታካሚዎች ላይ አንድ ጥናት ለመጀመር ለምታስቡ። ብቻችሁን አትጀምሩት። ለምን እንዲህ እንደምል ከአንዲት እናት ልነሳ።

ከመንዝ ናቸው፣ ስድሳን የተሻገሩ። ሕመማቸው የጡት ካንሰር ነው። ኬሞውን፣ ማለትም የካንሰሩን መድኃኒት፣ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ ይወስዱና ልጃቸው ቤት አድረው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። መንገዳቸው በደብረ ብርሃን ስለሆነ እኔ ጋ ብቅ ይላሉ። «እንዴት ነዎት እማማ?» ስላቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል። እኔም «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ኬሞውን የምትሰጣቸው ነርስም «ደህና» ብላ ጽፋለች። እውነቷን ነው፣ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለሱ ያ ሁሉ ስቃይ አልፎ አገግመው ነው የምታገኛቸው። እዚያው መንዝ፣ መሐል ሜዳ የምትሠራው ነርስ ግን በስድስተኛው ቀን ነው ያየቻቸው። አፋቸው ቆስሎ፣ እንጀራው እየለበለባቸው፣ አጥሚት ብቻ እየጠጡ፣ እንቅልፍ ካጡ አራት ሌሊት ሆኗቸው።

አንድ ቀን ይህችው ባልደረባዬ ደወለችልኝ። «እማማ መፍተል አቆሙ እኮ» አለችኝ። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባና የሚሆን የበግ ጸጉር ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው። ለምን አቆሙ ብላ ስትጠይቃቸው «እንዝርቱ ከእጄ ይሾልካል፣ አልይዝልሽ አለኝ» አሏት። ያን ጊዜ የሚወስዱት ፓክሊታክስል የሚባለውን መድኃኒት ነበር። ይህ መድኃኒት የእጅና የእግር ጣት ጫፍ ነርቭ እንደሚጎዳ ሁላችንም ተምረናል። እንዲያውም እኔ ከዚያ በፊት «እጅዎን ይደነዝዝዎታል?» ብዬ ጠይቄያቸው «የለም» ብለውኛል። በኋላ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «መደንዘዝማ የብርድ ነው ልጄ፣ እሱማ የሁሉ ነው።» ጥያቄዬ ትክክል ነበር፣ ቃሉ ግን የእሳቸው አልነበረም።

የአዲስ አበባዋ ነርስ ነገሩን ለሐኪሙ አቀረበች፤ ሐኪሙም በሚቀጥለው ዙር መጠኑን አስተካከለ። ነገሩ የታወቀው ሦስት ነርሶች ስለተነጋገርን ብቻ ነው። አንዳችንም ለብቻችን አላየነውም።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የገባኝ። የሰሜን ሸዋ የካንሰር ታካሚ ሕክምናው አንድ ቦታ፣ ስቃዩ ሌላ ቦታ ነው። ኬሞው የተሰጠ ቀን የሚታየው ትንሽ ነው። ማቅለሽለሹ ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ተነስቶ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። የፓክሊታክስል የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም በሁለተኛ ሦስተኛው ቀን ይጀምራል። ነጭ የደም ሴል በጣም የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ በኢንፌክሽን ትኩሳት የሚያስፈራውም ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ ታካሚው መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ አንዲት ነርስ አንድ ሆስፒታል ተቀምጣ የምታጠናው ጥናት፣ የቱንም ያህል ብትለፋበት፣ የሚያየው ቁራጩን ነው።

የራሴ የማስተርስ ጥናት እንደዚያ ነበር። አንድ ሆስፒታል፣ ጥቂት ታካሚ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀ መጠይቅ። ያውም ሕመም ብቻ ነበር የጠየቅኩት፤ ድካሙን፣ እንቅልፉን፣ ጭንቀቱን ትቼ። በዓለም ላይ ይህን ነገር ያስተማሩን ግን ነርሶች ናቸው። የካሊፎርኒያዎቹ ነርስ ተመራማሪዎች ሜሪሊን ዶድና ክሪስቲን ሚያስኮውስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ የካንሰር ታካሚ ምልክቶች ተጎዳኝተው እንደሚመጡ፣ ሕመም፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውየው የዕለት ሥራውን መሥራት እንዴት እንደሚያቅተው ትኩረት እንዲሰጠው አድርጓል። ሕመሙን ብቻ ጠይቀህ ማስታገሻ ብትሰጥ፣ እንቅልፍ ያጣው ሰው ነገም አቅም የለውም። እኔ ይህን ያነበብኩት ጥናቴን ካስረከብኩ በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ አምስት ሆንን። እኔ ከደብረ ብርሃን፣ አንዷ ከመሐል ሜዳ፣ አንዷ ከዓለም ከተማ፣ አንዱ ከሸዋ ሮቢት፣ አንዷ ኬሞ ከሚሰጥበት ከአዲስ አበባ። ድጋፍ የሚሰጠን ድርጅት አልነበረንም። የቴሌግራም ግሩፕና የየራሳችን የሞባይል ካርድ ነበረን። ተነሳሽነቱ ስለነበረን ወዲያው ዳታ መሰብሰብ ጀመርን። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው፣ እናንተ እንዳትደግሙት በደንብ ልንገራችሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ዳታውን አንድ ላይ ስናመጣ አልገጥም አለ። አንዳችን የጠየቅነው «ዛሬ እንዴት ነዎት» ብለን ነው፣ ሌላችን «ባለፈው ሳምንት»። አንዳችን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር፣ ሌላችን «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» የሚል መለኪያ ተጠቅመናል። የሁላችንም ሥራ ለየብቻው ጥሩ ነበር። አንድ ላይ ግን መደመር የማይችል ነበር። የሦስት ወር ድካም ማለት ነው፣ ከዲውቲ በኋላ የተሠራ፣ ታካሚዎቹም አቅም አጥተው ሳለ ቁጭ ብለው የመለሱልን።

የቀኑ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። አንዲት ታካሚ ኬሞውን የወሰዱት መጋቢት 5 ነው። የአዲስ አበባዋ ባልደረባችን በፈረንጅ አቆጣጠር 14/3 ብላ አስገባችው፣ ትክክል ናት። የመሐል ሜዳዋ ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 አይታቸው 10/7 ብላ አስገባች፤ መጋቢት ሰባተኛ ወራችን ነው፣ እሷም ትክክል ናት። ዳታውን የምናስገባበት የስልክ አፕሊኬሽን ግን ይህንን ሐምሌ ውስጥ፣ እነሱ ጁላይ በሚሉት፣ አድርጎ ተቀበለው። ከአምስት ቀን በኋላ የታየው የአፍ ቁስል ከአራት ወር በኋላ የመጣ መሰለ። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» ያሉትን ሰው 9፡00 ብለን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ ጠዋት አደረገው። እንቅልፍ ለሚያጠና ሰው ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ቀን መጻፍ አቆምን። ኬሞው የተሰጠበትን ቀን «አንድ» ብለን ከዚያ እንቆጥራለን፦ ቀን 2፣ ቀን 6፣ ቀን 10። ሰዓቱንም «ከመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት በፊት ወይስ በኋላ» ብለን እንጠይቃለን። በቀጣዩ ዙር አንድም የቀን ስህተት አላገኘንም።

ለመለኪያ የመረጥነው ኤድመንተን የሚባለውን የምልክት መመዘኛ ነው። ካናዳ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ነው። ሕመም፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የትንፋሽ እጥረት፣ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ አጠቃላይ ደህንነት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል። 32 ምልክት የሚጠይቅ ሌላ መመዘኛም አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለደከመ ሰው ይረዝማል። የመጠይቅ ባለቤት ካለው ፈቃድ መጠየቅን አትርሱ፣ አንዳንዶቹ በደብዳቤ ያስፈቅዳሉ።

ከዚያ ወደ ቃሉ መጣን። እኔ ከሁሉም ሥራችን የምወደው ይህንን ክፍል ነው።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው «ድካም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንድ ገበሬ ድካም ሲባል የሚያስበው ግን ሲያርስ ውሎ ማታ የሚሰማውን ነው፤ ተኝቶ ሲነሳ የሚለቀውን። የካንሰሩ ድካም ተኝተህ ስትነሳ የማይለቅ ነው። ለዚያ ታካሚዎቹ የራሳቸው ቃል አላቸው፦ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «አቅም ከዳኝ»፣ «ጉልበቴ ከኔ ጋር የለም»። ለማቅለሽለሽ «ያጥወለውለኛል» የሚሉ አሉ፣ «ሆዴን ይገለብጠኛል» የሚሉም አሉ። ሕመሙ ደግሞ ይወጋል፣ ይቆረጥማል፣ ይጠዘጥዛል፣ ያቃጥላል፤ እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም፣ የሚያቃጥልና የሚነዝር ከሆነ ነርቭ ነው ብለን እንጠረጥራለን፣ መድኃኒቱም ይለያል። ጭንቀት ብለህ ብትጠይቅ «ምን ያስጨንቀኛል፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይሉሃል። «ሌሊት ሌሊት ሆድዎን ባር ባር ይልዎታል?» ስትል ግን ዓይናቸው እንባ ያቀራል። አምስታችንም የየአካባቢያችንን ቃል ጽፈን ግሩፑ ላይ አስቀመጥን። ለእያንዳንዱ ምልክት ሦስት ወይም አራት አባባል ተስማማን። ከዚያ በፊት ግን መጠይቁን ለጥቂት ታካሚዎች አንብበን «ይህን ሲሰሙ ምን ብዬ የጠየቅኩዎት መሰለዎት?» ብለን አረጋገጥን። ይህችን ጥያቄ አትዝለሏት። ከመንዟ እናት እንዝርት ተምሬያለሁ፤ አሁን ለእጅ መደንዘዝ የምንጠይቀው «ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ መያዝ፣ መፍተል ያቅትዎታል?» ብለን ነው።

ቁጥሩም አስቸግሮን ነበር። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ሲባሉ አንድ አባት «እኔ ሕመም ቆጥሬ አላውቅም» አሉ። የዓለም ከተማዋ ባልደረባችን አሥር ፍሬ ባቄላ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ምንም ካልተሰማዎት አንዱንም አያንሱ፣ ከዚህ የባሰ የለም ካሉ አሥሩንም ያንሱ» አለቻቸው። ሰባት አነሱ። ከዚያ አስበው አንዱን መለሱ። ስድስት። ያቺ አንዷን ፍሬ የመለሱበት ጊዜ ለእኔ ትልቅ ነገር ናት፤ ሰውየው በእውነት መዝኗል ማለት ነው። አሁን አምስታችንም ትንሽ ከረጢት ባቄላ በኪሳችን አለ።

ጾሙንም ማሰብ ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾም ላይ የምግብ ፍላጎት ስንጠይቅ «አልበላሁም» የሚለው መልስ በዛ። አለመብላት ሌላ፣ አለመፈለግ ሌላ ነው። ስለዚህ «ጾም ባይሆን ይበሉ ነበር?» የሚል ጨመርን። የጾሙ ነገር የሚከብዳቸውን ደግሞ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ እንነግራቸዋለን፤ ብዙዎቹ አባቶች ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ሄደው የሚሰነብቱም አሉ። መጀመሪያ ላይ እነዚህን «ጠፍተዋል» ብለን ነበር የመዘገብናቸው። አሁን ቀድመን እንጠይቃለን፣ የሚያስታምማቸውን ሰው ስልክ እንይዛለን፣ መድኃኒታቸውን ይዘው እንዲሄዱ አጥብቀን እንነግራለን።

በመተባበራችን ብቻ ያየነው አንድ ነገር ላንሳ። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው ለአንጀት ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱን ይነዝረዋል፣ ቀዝቃዛ ሲጠጣ ጉሮሮው የሚዘጋ ይመስለዋል። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧው ውኃ እጅ ይቆርጣል። እኔ ጋ የሚመጡት ሁሉ ይህን ያነሳሉ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ የእዚያው ባልደረባችን «እኔ ጋ ይህን ያነሳልኝ ሰው የለም» አለ። መጀመሪያ የሚጠይቅበትን መንገድ ተጠራጠርን። በኋላ ነው የአየሩ ጉዳይ የታየን። አሁን ደጋ የሚገቡትን ታካሚዎች አዲስ አበባ ሳሉ ጀምሮ ጓንት እንዲያደርጉ፣ ፊታቸውንና እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ እንዲታጠቡ እንነግራቸዋለን። እንደዚህ ቀላል ነገር ነው፣ ግን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ልዩነቱን ሊያየው አይችልም።

የደራሲነት ነገር። ሳይጀመር ተነጋገሩበት፣ በጽሑፍ ይሁን። ከዚህ በፊት ከአንድ ትልቅ ተቋም የመጣ ሰው ወራት ፈጅቼ የሰበሰብኩትን ዳታ ወስዶ ሲያሳትም ስሜ አልነበረበትም። «ለትብብራቸው እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር ላይ የሆስፒታሉ ነርሶች ተብለን ታልፈናል። አመመኝ፣ ዛሬም ያመኛል። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መስፈርት አራት ነው፦ በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ መኖር፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በሚገባ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ማሟላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዳታ የሰበሰበችውን ነርስ መጻፍና ማረም ላይ አስገቧት፣ ዕድሉን ስጧት። እኛ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፍን፤ ማን የትኛውን ጽሑፍ እንደሚመራ፣ ማንም ብቻውን ዳታውን ይዞ እንዳይሄድ። አምስታችንም ፈረምን። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ አልተጣላንም።

ፈቃዱን በሚመለከት አጭር ላድርገው። የሥነ ምግባር ፈቃዱንና የየሆስፒታሉን የድጋፍ ደብዳቤ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ጠይቁ፤ እኛ ተራ ስንጠብቅ ብዙ ጊዜ ባከነ። የታካሚ ስም ቴሌግራም ላይ አይውጣ። አንድ ጊዜ የታካሚ ካርድ ፎቶ ተለጥፎ ወዲያው አጥፍተነዋል፤ ከዚያ ወዲህ ኮድ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ መመዝገቢያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ እንዲሁም ወረቀት ይኑራችሁ። ባለፉት ዓመታት መንገድ የተዘጋባቸው፣ ኔትወርክ የጠፋባቸው ሳምንታት ነበሩ። በእነዚያ ጊዜያት የተረፈልን በወረቀት የተጻፈው ነው።

ሌላው የማልተወው፦ ጠይቆ ዝም ማለት አይቻልም። አንድ ሰው ስምንት ባቄላ አንስቶ «ይህን ያህል ያመኛል» ካለህ በኋላ ጽፈህ ማለፍ የለም። የተስማማነው እንዲህ ነው። ማንኛውም ምልክት ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ለሐኪም እንደውላለን። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን የት እንዳለ፣ የት እንዳለቀ በየሳምንቱ ግሩፑ ላይ እንጽፋለን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መሰላሉን፣ ማለትም ከቀላል ማስታገሻ ተነስቶ እስከ ሞርፊን ደረጃ በደረጃ የሚወጣውን መመሪያ፣ ያወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ አባት በሕመም ሲያለቅሱ ማየት የለብንም። ለጥናቱ ብለን የከፈትነው ግሩፕ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለሚያርፉት። ቅጻችን ላይ ታካሚው ካልመጣ «ተቋርጧል» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነበረው። የዓለም ከተማዋ ባልደረባችን ያልመጡ አንድ አባት ቤት ደውላ ልጃቸው «አባባ አረፉ እኮ ሲስተር፣ ዛሬ ሰባተኛ ቀናቸው ነው» አላት። ባቄላ መልሰው ስድስት ያደረጉት አባት ናቸው። «ተቋርጧል» የሚለውን መሙላት አልሆነላትም። ደወለችልኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን። በነጋታው አምስታችን ተነጋግረን «አርፈዋል» የሚል ጨመርን፣ ከእሱም ሥር አስታማሚውን የምንጠይቀው ሦስት ጥያቄ፦ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከሁሉ የባሰው ምን ነበር፣ መድኃኒት አግኝተው ነበር ወይ፣ ማን ከአጠገባቸው ነበር። የምንጠይቀው ከአርባው በኋላ ነው፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ። እሷ ግን ከዚያ በፊት ለቅሶ ደርሳለች። ልጃቸው ከማስተዛዘኛው በኋላ ጠራ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገብቷት ከትራሳቸው ሥር ያገኘውን በእራፊ የተቋጠረ ባቄላ ሰጣት። ቤታቸውም ማታ ማታ ይቆጥሩ ነበር፣ ለቀጠሮው ቀን እንዳይረሱት።